ስልሳ አራት ቀለበትና አንዲት ዶሮ

የእትዬ በላይነሽ ልጅ ሰለሞን ማክሰኞ ጠዋት ደውሎ «ማሚ አረፈች» ሲለኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መሳቅ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ እርጥብ አንሶላ ታቅፌ ቆሜ ሳለ ሳቄ አመለጠኝ። ሰለሞንም ከወዲያ ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፣ ከዚያ መልሰን ሳቅን። አጠገቤ ካልሲ ታጣጥፍ የነበረች ሴትዮ ዕቃዋን ሰብስባ ራቅ ብላ ተቀመጠች። እትዬ በላይነሽን የሚያውቅ ሰው ግን አይፈርድብኝም። እሳቸውን አስቦ ፊቱን ማኮሳተር የሚችል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሥራዬ ሆም ኬር ነው። አዛውንቶችን በየቤታቸው እየሄድኩ እረዳለሁ። ቤቴ አሌክሳንድሪያ ነው፤ የእሳቸው ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ላይ። የመጀመሪያ ቀን በራቸውን ሳንኳኳ ከፈቱና ሰላምታዬን ሳይቀበሉ እጄን ያዙ። ወደ መስኮቱ ወስደው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘርግተው መረመሩ።

«ጥልፍ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ።»

«ትንሽ አይደለም። ይሄ ጣት ብዙ ጠልፏል። ግቢ።»

በዚህ ዓይነት ቀጠሩኝ። መታወቂያዬን ያዩት በሳምንቱ ነው።

እትዬ በላይነሽ አሜሪካ የመጡት በንጉሡ ዘመን ነው፣ ለትምህርት የተላከ ባላቸውን ተከትለው። ባል ዩኒቨርሲቲ ሲውል እሳቸው ፋብሪካ ገቡ። ፋብሪካው ልብስ አይሰፋም፤ የኮምፒውተር ትዝታ ነበር የሚሰፋው። ያኔ ኮምፒውተር የሚያስታውሰውን ነገር የሚይዝለት የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር የማግኔት ቀለበት ነበረች። በቀለበቷ ቀዳዳ ከፀጉር የማይወፍር ሽቦ በመርፌ ይገባል። ሴቶች በአጉሊ መነጽር ሥር አጎንብሰው በሺህ የሚቆጠሩትን እየሰኩ ወንፊት የመሰለ ነገር ይሠራሉ። ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ሲሄድ ቀለበቷ ወደ አንድ በኩል ትሞላለች፤ ያ «አዎ» ነው። ወደ ሌላው ስትዞር «አይ» ነው።

«አንዷ ቀለበት አንድ ቃል ብቻ ነው የምታውቀው» ይሉ ነበር። «አዎ ካለች አዎ ነው፤ አይ ካለች አይ ነው። ሺህ ቃል ከሚያውቅ ብዙ ሰው እሷ ትሻላለች።»

ኋላ በማታ ትምህርት ኢንጂነር ሆኑ፤ እየሰፉ ይሰጡ የነበረውን እየፈተኑ መቀበል ጀመሩ። ያም ሆኖ ኢንጂነር ሲባሉ አይወዱም። «ሊቆቹ ወለዱት፤ እኔ ሞግዚቱ ነኝ» ይላሉ። ከዚያ ጠረጴዛውን በጣታቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ክርክሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ሰለሞን አንድ ልጃቸው ነው። እሱም የኮምፒውተር ሰው ነው፣ ስፕሪንግፊልድ ይኖራል። አንድ ጊዜ ሥራውን ሊያስረዳቸው ሞከረ። «ማሚ፣ ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ ነው» ቢላቸው፣ «ደመና ላይ ጎተራ የሠራ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉት። ደግ ልጅ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ግን እናቱ አርጅተውበት ደንግጧል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ መርማሪ ይሆናል። በየማለዳው እየደወለ ይፈትናቸው ጀመር።

«ማሚ፣ ቱዴይ ቀኑ ምንድነው?»

እትዬ በላይነሽ ሆን ብለው በእኛ አቆጣጠር ይመልሱለታል። እሱ ስልኩ ላይ እስኪያመሳክር እሳቸው በዓይናቸው ይጠቅሱኛል።

«ኦኬ። ፕሬዚደንቱ ማነው?»

«የአገሩ ነው የሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር? የሕንፃውን እኔ አልመረጥኩትም።»

«ማሚ፣ ፕሊዝ። መድኃኒት ወሰድሽ? በላሽ? ኦኬ፣ ላቭ ዩ፣ ባይ።»

ይኸው ነው። ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ችግሩ የመጣው በሽሮ ነው። አንድ ቀን ጥደውት ረሱት። ጭሱ ማንቂያውን አስጮኸውና የሕንፃው ነዋሪ በሙሉ በዝናብ ወጥቶ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመ። እሳቸውም ጃንጥላ ይዘው ከሰው መሀል ቆመው «ማን ይሆን እንዲህ ያለው ዝንጉ?» እያሉ ከጎረቤት ጋር ያሙ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኛው የከሰለ ድስት ይዞ ወርዶ የቤቱን ቁጥር ሲጠራ «እንግዲህ ታወቀ» አሉ።

ሰለሞን አልሳቀም። በዚያው ሳምንት የምድጃውን መክፈቻዎች ነቅሎ በፌስታል ይዞ ሄደ፣ ከቤቱ አቅራቢያ ላለ የአረጋውያን መኖሪያም ፎርም ሞላ። እትዬ በላይነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ቀን ያለ ቀልድ አሳለፉ። ከዚያ ቤት ቢያወጧቸው በዓመት ውስጥ እንደሚያልቁ እኔ አውቄዋለሁ፤ እሳቸውም አውቀውታል።

እንዲጽናኑ ብዬ አሌክሳንድሪያ ወደ ማርያም ማኅበራችን ወሰድኳቸው። ማኅበሩን የምንጠጣው በኪራይ አዳራሽ ነው፤ ጎን ባለው ክፍል ደግሞ ጡረታ የወጡ ፈረንጆች አሮጌ ማሽን ይዘው ይሰበሰባሉ። እትዬ በላይነሽ እጅ ልታጠብ ብለው ወጥተው ቀሩ። ስፈልጋቸው ፈረንጆቹ ክፍል አንድ የመስታወት ሣጥን ላይ ተደፍተው አገኘኋቸው። ሣጥኑ ውስጥ መዳፍ የማታህል ወንፊት አለች፤ ቀለበቶቿ ረግፈው ሽቦዋ ተንጨባርሯል። አጠገባቸው ቆብ ያደረገ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ሃሮልድ የሚባል ሽማግሌ ቆሟል። የተነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ በአማርኛ ልንገራችሁ።

«ይቺን ማን ገደላት?» አሉት።

«ለማሳያ ብቻ ናት፣ እመቤት። የሚጠግናት የለም። እንዲህ ያለውን የሠሩት ሴቶች…» ብሎ ቆም አለ።

«ሞተዋል ልትል ነው?»

ሃሮልድ ቆቡን አወለቀ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እኔ ያልገባኝን ነገር ግማሽ ሰዓት አወሩ፤ መጨረሻ ላይ ሃሮልድ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ከአራት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ሕዝብ የሚጋበዝበት ቀን አላቸው። እትዬ በላይነሽ «እስከዚያ ድረስ ነፍስ ዘርቼባት እመልሳታለሁ» ብለው ቃል ሰጡ። ቃሉን ሲሰጡ ሁለቱንም እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ነበር፣ ምክንያቱም እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ማንኪያ እንኳ ሲይዙ ሾርባው ይፈስሳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አንዴ ተናገሩት።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ መኪና ውስጥ «ሰለሞን ጋ ደውይልኝ» አሉኝ።

«ስማ ልጄ። በእጅ የማሠራው ነገር አለ። ሶኬቱ ተነቅሎ አንድ ሰዓት ሙሉ የነገርነውን ካልረሳ፣ ቤቴ እኖራለሁ። ከረሳ ሻንጣዬን ራሴ ይዤ እመጣለሁ።»

«ማሚ፣ ዳት ሜክስ ኖ ሴንስ።»

«ፈራህ?»

«ኖ! አይ አም ኖት ስኬርድ!»

«እንግዲያውስ ዲል ነው» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ሰለሞን ኋላ እንደነገረኝ እሺ ያለው አይሠራም ብሎ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ «መርፌና ኮምፒውተር» ሲሉ ሰምቶ እንደ ተረት ነበር የቆጠረው።

እንግዲህ እጅ ተፈለገ። የማኅበሬን ልጆች ለመንኩ። ጥሩዬ ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ውላ መጣች፣ ሁለት ጓደኞቿንም አስከተለች። ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ ተነጠፈ፤ ከሃሮልድ የተላኩት ቀለበቶች በሻይ ሰሃን ቀረቡ። ስምንት በስምንት፣ ስልሳ አራት ብቻ ናቸው የሚሰኩት። ስልሳ አራት ጤፍ ቆጥሮ መርፌ ያስገባ ሰው ግን «ብቻ» አይልም። በሁለተኛው ቀን ጥሩዬ አስነጠሰችና አርባ የሚሆነው ቀለበት ምንጣፉ ውስጥ ገባ። አራት ሴቶች በስልክ መብራት በጉልበታችን ስንሄድ እትዬ በላይነሽ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ሎሚ መሳይ ማግኔት አምጥተው ምንጣፉን ወለወሉት። ቀለበቶቹ ሎሚውን ወርረውት ወጡ። ከዚያ ወዲያ «ማስነጠስ በኮሪደር» የሚል ወረቀት በር ላይ ተለጠፈ።

በእያንዳንዷ ቀለበት ሦስት ሽቦ ያልፋል። አንዱ ከላይ ወደ ታች፣ አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ። ሦስተኛው ሁሉንም ቤት እየዞረ ያልፋል፤ እሱን እትዬ በላይነሽ «ወሬ ለቃሚዋ» ነበር የሚሉት። «የትኛዋ ቀለበት እንደተነቃነቀች ሰምታ ታወራለች። ያለ ወሬ ለቃሚ መንደር አይቆምም» እያሉ ያስቁናል። ደግሞም አጥብቀው አንድ ነገር አዘዙን፤ አንዷ ቀለበት ወደ ቀኝ ከዘነበለች ጎረቤቷ ወደ ግራ ትዘንብል። ምክንያቱንም ነግረውን ነበር። እኔ ስለ ወሬ ለቃሚዋ እየሳቅሁ አመለጠኝ።

ጥፋቱ የተሠራው በዋዜማው ዓርብ ቀትር ላይ ነው፣ ሠሪዋም እኔ ነኝ። እትዬ በላይነሽ ጋደም ብለዋል። እኔና ጥሩዬ ያለቀችውን ወንፊት በአጉሊ መነጽር አየን። እናንተ ፍረዱ፦ ጥልፍ የተማረ ሰው አንዱ ነጥብ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ተንጋድዶ ሲያይ እጁን ይበላዋል።

«ነገ ፈረንጅ ሁሉ ሊያየው?» አለች ጥሩዬ። «ያበሻ ሴት መስፋት አትችልም እንዲሉን?»

«የሳቸው ዓይን ደክሞ ይሆናል» አልኩ እኔ። ይህን ሳስታውስ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

የታችኞቹን ሁለት ረድፎች ፈታን። አሥራ ስድስቱንም ቀለበት ወደ አንድ በኩል አስተኝተን፣ እንደ ጥለት ቀጥ አድርገን መልሰን ሰፋን። አማረልን! ሰዓት ባያልቅብን ሌላውንም እናቃናው ነበር። ተቃቅፈን ተለያየን።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ሃሮልድ ስልሳ አራት ማብሪያ ማጥፊያና ስልሳ አራት ትናንሽ መብራት ያለው ሣጥን ሠርቶ ጠበቀን። በማብሪያዎቹ ሥዕል ትጽፍላታለህ፤ ወንፊቷ ትይዘዋለች፤ «አንብብ» የሚለውን ቀዩን ቁልፍ ስትጫን በመብራት መልሳ ታሳይሃለች። ምን እንደሚሣል ሳምንቱን ሙሉ ተጨቃጭቀን ነበር። ጥሩዬ መስቀል አለች፤ እትዬ በላይነሽ «መስቀልማ ማንም ያስታውሳል፤ ዶሮ ትሁን» ብለው ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ መቱ። በስምንት በስምንት ዶሮ መሣል ቀላል አይደለም። አንዷ ጓደኛችን እስከ መጨረሻው ውሻ ነው እንዳለች ናት።

ሰለሞን ክንዱን አጣምሮ ከፊት ቆመ። ፎርሙ ሰኞ ይፈረማል። ሃሮልድ ዶሮዋን ጻፈ፤ እትዬ በላይነሽ ለሙከራ ቁልፉን ተጫኑ። ጉትዬዋ በራ፣ ጅራቷ በራ፣ ሆዷ በራ። ከሆዷ በታች አንድ መብራት ብቻ።

«እግር የላትም» አለ ሰለሞን ቀስ ብሎ። ደስ ብሎት አልነበረም፤ ያ ነው የባሰብኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ መረጥኩ። እትዬ በላይነሽ አጉሊ መነጽሩን አነሱ፣ የታችኞቹን ረድፎች አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ስጠጋ በሳቅ ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

«ማናት ያቃናቻት?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ጠማማ መስሎኝ… እንዳናፍር ብዬ።»

«አንቺ ልጅ!» አሉና እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እኔም ፋብሪካ የገባሁ ሰሞን ይህንኑ አቃንቼ አለቃዬን ራስ ምታት ለቀቅሁበት! ስሚኝ፤ አሁን አትሳቂ። ቀለበቷን ሁለት ሽቦ ነው የሚገፋት፣ አንዱ ብቻውን አይችላትም። ጎረቤታሞቹን በተቃራኒ የምናዘነብላቸው ሁለቱ ግፊት በሁሉም ላይ እንዲተባበር ነው። አንቺ ስታቃኛቸው እኩሌቶቹ ላይ ሁለቱ ሽቦ ፊት ለፊት ተገፋፋ። ባልና ሚስት አልጋ ሲያነሱ አይተሽ አታውቂም? እሱ ወደዚህ፣ እሷ ወደዚያ፤ አልጋው እዚያው ነው።»

ሃሮልድ የሽቦውን ብየዳ አቅልጦ ለቀቀልን። እጃቸው ስለማይሆን የምሰካው እኔ ነኝ። ከኋላዬ ቆመው በትከሻዬ ላይ እያዩ «ቀኝ… ግራ… ቀኝ፣ አይዞሽ… ግራ» ይሉኛል። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዟል። ጥሩዬ ሊያስነጥሳት ሲል ራሷን ይዛ ወደ ኮሪደር ስትሮጥ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ የኔ መርፌ ግን አልተነቃነቀችም። አሥራ ስድስቷን ሰካሁ።

ዶሮዋ እንደገና ተጻፈች። ሶኬቱ ተነቀለ፤ ሰለሞን ራሱ ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሳምቡሳ በላን፤ እኔ ግን አልወረደልኝም። ሰዓቱ ሲሞላ ገመዱን መልሶ ሰካና ቀዩን ቁልፍ ተጫነ።

ጉትዬ፣ ጅራት፣ ሆድ፣ ሁለት እግር! እልልታው ከሕንፃው ውጭ ሳይሰማ አልቀረም። ሃሮልድ ጥሩዬን አቅፎ ዘለለ፤ ጥሩዬ ማን እንዳቀፋት ያወቀችው ኋላ ነው። ሰለሞን እጁን ራሱ ላይ አድርጎ «ኖ ዌይ! ማሚ፣ ኖ ዌይ!» ይላል። ስልኩን አወጣና «ዌይት፣ ቪዲዮ ላድርገው» ብሎ ቁልፉን እንደገና ተጫነ።

ጨለማ። አንድም መብራት የለም።

ሰለሞን ደጋግሞ ተጫነ። «ማሚ፣ ረሳችው። ኢት ፎርጎት።»

«አልረሳችም» አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። «ጠየቅሃት፤ ያላትን ሰጠችህ። ቀለበቷ ስትነበብ ባዶ ትሆናለች፤ ተፈጥሮዋ ነው። ስለዚህ ያነበበ ሰው ወዲያው መልሶ ይጽፍላታል። መልሶ የሚጽፈውን ክፍል ሃሮልድ እንዲነቅለው ለምኜው ነው።»

ሃሮልድ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

«በል ጻፍላት። አሁን አይደል ያየሃት?»

ሰለሞን ማብሪያዎቹ ፊት ቆመ። እጁ አየር ላይ ቀረ። የጉትዬዋ መብራት ሁለት ነበር ሦስት? ጅራቷ በየት በኩል ነበር? ሴቶቹ ሁሉ ጮኹ፣ «ወደ ግራ!» «ኧረ ወደ ላይ!» «ውሻ ነው ብያለሁ፣ ጆሮ ጨምርበት!» እሱም እየሳቀ ያበራል፣ ያጠፋል። በመጨረሻ ቁልፉን ሲጫን የወጣችው ዶሮ አንገቷ ረዝሞ ሰጎን መስላ ነበር። እትዬ በላይነሽ አጨበጨቡላት።

ከዚያ እጁን ያዙት። የሚንቀጠቀጥ እጃቸው የሱንም እጅ አንቀጠቀጠው።

«ልጄ፣ እኔ ሽሮ እረሳለሁ። ውሸት አይደለም። ግን አንተ በየማለዳው ደውለህ ታነበኛለህ። ቀኑን፣ መድኃኒቱን፣ ፕሬዚደንቱን ጠይቀህ ትዘጋለህ። አንድ ቀን እንኳ አንድ ነገር መልሰህ ጽፈህብኝ አታውቅም። በምን ልሙላ?»

ሰለሞን አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ያ ረጅም ሰውዬ፣ በሸሚዙና በከረቫቱ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ፣ እንግሊዝኛውን ትቶ፣ «ማሚ፣ እፈራለሁ» አለ። «ጠዋት ስልክ ሳታነሺ ስትቀሪ መኪናውን አቁሜ አለቅሳለሁ። ለማንም አልነገርኩም። ፎርሙን ሰኞ እሰርዘዋለሁ። ግን እፈራለሁ።»

እትዬ በላይነሽ ዓይናቸውን ከሱ ላይ ሳይነቅሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በጣታቸውም ፀጉሩን ከግንባሩ ላይ አነሱለት።

«እሺ» አሉት። «ሌላስ?»